በየትኛው በሬ?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ አረጋዊ ገበሬ የጠየቁኝና እስከ ዛሬ በቅጡ ያልመለስሁት ጥያቄ ነው።

ተማሪ በነበርሁበት ዘመን፣ አንድ ክረምት፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ ድርጅት ያስጠናው ጥናት ነበርና መጠይቅ ተሸክሜ በጉንደ ወይን ዙሪያ ቤት ለቤት እዞር ነበር። አገሩ ከጮቄ ተራሮች ወደ ዓባይ የሚወርድ ነው፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሜዳውም ተዳፋቱም ገደሉም ይገኛል። ከአንድ አረጋዊ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በመጠይቁ እንደ ተጻፈው «አባቴ፣ ስንት ጥማድ መሬት አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አረጋዊው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በየትኛው በሬ ልጄ?» አሉኝ።

የቀለዱብኝ መሰለኝና ሣቅሁ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የጠገበ በሬና ድርቆሽ አልቆበት የከሳ በሬ እኩል አያርሱም። ቀይ አፈርና ዝናብ ሲጠጣ ማረሻ የሚይዘው ዋልካ እኩል አይታረሱም። ከቤት ጓሮ ያለ ማሳና በሬው ግማሽ ጠዋት ተጉዞ የሚደርስበት ማሳ እኩል ቀን አይሰጡም። ይህን ሁሉ አስረዱኝ። በመጠይቁ ላይ ግን ለመልሱ የተተወችው አንዲት ጠባብ ሳጥን ብቻ ነበረች። «እንግዲያ ስድስት በል» አሉኝ፤ እኔም «6» ብዬ ጻፍሁ። 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው የሚል መመሪያ ተሰጥቶን ስለ ነበር፣ ከተማ ስንመለስ የአረጋዊው 6 ጥማድ 1.5 ሄክታር ሆነ። ከነጥቡ ሲያዩት እንዴት ያለ ትክክለኛ ቁጥር ይመስላል! የጠየቁኝ ጥያቄ ግን የትም አልተጻፈም።

ማኅበራዊ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር «አመልካች» ይሉታል። የይዞታ ስፋት አመልካች ነው፤ የቤተሰብ ብዛት፣ የእህል ምርት፣ የወሊድ መጠን ሁሉም አመልካቾች ናቸው። በሺሕ የሚቆጠሩ አመልካቾች ተሰብስበው የመረጃ ቋት ይሠራሉ። በቋቱ ውስጥ ግን ከእያንዳንዱ አመልካች ጎን ሌላ ጽሑፍ መቀመጥ አለበት። ጥያቄው በምን ቃል ተጠየቀ? መላሹ ማን ነበር? መለኪያው ምን ነበር? በየትኛው ወር ተሰበሰበ? ማን ሳይጠየቅ ቀረ? የጎደለውስ በምን ተሞላ? ይህ ማስረጃ የሌለው ቁጥር መናገር የሚችል ይመስላል እንጂ ሲጠየቅ አይመልስም።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የባለሙያዎች ደረቅ ጉዳይ ነው ብለው ገጹን እንዳይዘጉት እለምናለሁ። የቢቸናና የሞጣ አካባቢ ታሪክ ስለዚሁ ጉዳይ ብዙ የሚያስተምረን አለው።

ስሙ ክፍልፋይ የሆነ አገር

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ከተማ ናት። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አድርገው ያንብቧቸው። «ሲሶ» ከሦስት አንድ ነው፤ «ሁለት እጅ» ከሦስት ሁለት ነው። አንዱ ስም የእነሴን ሲሶ፣ ሌላው የእነሴን ሁለት እጅ ይነግረናል፤ ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ሙሉ እነሴ ይሆናሉ። ስታቲስቲክስ የሚባል መሥሪያ ቤት በአገራችን ሳይታሰብ በፊት የዚህ አገር ሰው መሬቱን በክፍልፋይ ይጠራ ነበር ማለት ነው።

መመዝገብም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናቸው። በሞጣ ጊዮርጊስም ሆነ ከዚያ ብዙም በማይርቀው በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በብራና ላይ ይጻፍ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት የመሬት ሥርዓት በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ሀብታሙ መንግሥቴም ስለ ምሥራቅ ጎጃም ጌታ፣ ዜጋና ገበሬ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የቆሙት እንዲህ ባሉ ሰነዶች ላይ ነው።

የእነዚህን ሰነዶች አጻጻፍ ልብ ይበሉልኝ። መሬቱ የማን እንደ ነበረና ወደ ማን እንደ ተላለፈ ይናገራሉ። በማን ዘመንና በማን ሹመት እንደ ሆነ ይጠቅሳሉ። ምስክሮቹን በስማቸው ይዘረዝራሉ። ብዙዎቹም ቃሉን በሚያፈርስ ሰው ላይ ግዝት ያኖራሉ። ዛሬ የመረጃ ቋት ባለሙያ «ከቁጥሩ ጋር ይቀመጥ» የሚለው ማስረጃ አብዛኛው በዚያ ብራና ላይ አለ፤ መቼ፣ በማን ፊት፣ በማን ትእዛዝ፣ ለምን ጉዳይ። ግዝቱ ሳይቀር ሥራ ነበረው፤ መዝገቡ እንዳይፋቅ የሚጠብቅ ነበር። እርግጥ ነው፣ ይህ መዝገብ የጌቶችና የደብሮች መዝገብ ነበር፤ ሥር ያለው አራሽ ድምፁ የሚሰማበት ቦታ በውስጡ ጠባብ ነው። ይህም ራሱ የመዝገቡ ትርጓሜ አካል ነውና ማወቅ ይገባናል።

የ1960ው ጥያቄ

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዘመናዊ መንግሥት ቁጥር ሲፈልግ እንዲህ ያለ ማስረጃ ለገበሬው አላቀረበም። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ የቆየውን አሥራት ሽሮ በምትኩ ገበሬው ከእርሻው በሚያገኘው ገቢ ላይ ግብር ጣለ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከአሥራት ይልቅ ፍትሐዊ ነበር ማለት ይቻላል። ገቢውን ለማወቅ ግን ምርቱን የሚገምቱ ሰዎች ወደ ገጠር መላክ ነበረባቸው። ጎጃም እምቢ አለ። ቢቸናና ሞጣ የእምቢታው ዋና ማዕከሎች ሆኑ። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ነበሩ። መንግሥት ፖሊስና ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሠረዘ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ከተካሄዱት ታላላቅ የገበሬ ዓመፆች መካከል አንዱ አድርገው በስፋት አጥንተውታል።

ለመሆኑ የተቃወሙት ገንዘቡን ብቻ ነበርን? ነገሩ ከዚያ ያለፈ ነበር። የጎጃም ገበሬ መሬቱን በርስትነት ይዞ የኖረ፣ በቃላድ ያልተለካ ሕዝብ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ቃላድ ከተጣለ በኋላ የሆነውን ደግሞ ሰምቷል፤ ለነባሩ ባላባት ሲሶ ተትቶለት ሁለቱ እጅ ለመንግሥትና መንግሥት ለሾማቸው ሰዎች እንደ ሆነ፣ አራሹም በገዛ ቀዬው ጭሰኛ እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ እህሉን ሲያይ ገበሬው የሚያየው ከግምቱ በኋላ የሚከተለውን ቃላድ ነበር። ማን ነው የሚገምተው? በምን መለኪያ? ቁጥሩስ ነገ ለምን ይውላል? የእኔው አረጋዊ «በየትኛው በሬ?» ያሉት ይህንኑ ጥያቄ በትሕትና ቋንቋ ነው። የ1960ው ትውልድ በጠመንጃ ጠየቀው። ያንን ዘመን በግብር ሠንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ያልተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ ለምን እንዳልተሰበሰበ ዓምዱ አይነግረውም።

የትመን በመረጃ ቋት ውስጥ

ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ላይ የትመን የምትባል መንደር አለች። ነጭ ጤፏ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። የሚገርመው ግን በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ጎጃምን በካርታ ላይ ማሳየት የማይችሉ ሳይቀሩ፣ የየትመንን ስም ያውቁታል። ምክንያቱ የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ነው። ጥናቱ በ1989 እ.ኤ.አ. በጥቂት መንደሮች ተጀምሮ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. (በእኛ 1986 ዓ.ም.) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍልና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተውበት ወደ 15 መንደሮችና ወደ 1,477 ቤተሰቦች አደገ። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምም ነበረበት። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ አጥኚዎቹ እየተመላለሱ እነዚያኑ ቤተሰቦች ጠየቁ። መረጃው ዛሬ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ነው።

ይህን ጥናት የማከብረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ምን እንዳልሆነ ራሱ መናገሩ ነው፤ መንደሮቹ የተመረጡት የአገሪቱን የተለያዩ የአስተራረስ ሥርዓቶች እንዲያሳዩ እንጂ ገጠሩን በሙሉ በስሌት እንዲወክሉ አይደለም፤ አርብቶ አደሩም አልገባበትም። ይህ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለተኛው፣ ገበሬው በራሱ መለኪያ እንዲመልስ መተዉ ነው። መላሹ በጥማድ ሲናገር በጥማድ፣ በቁና ሲናገር በቁና ተመዝግቦ፣ ወደ ሄክታርና ወደ ኪሎ የሚመነዘርበት ሠንጠረዥ ለብቻው ተዘጋጀ። የምንዛሬው ስሕተት ቢገኝ እንኳ የገበሬው ቃል ስላልጠፋ ተመልሶ ማረም ይቻላል። እኔ በጉንደ ወይን ያላደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከዚህም በላይ በ1996 እ.ኤ.አ. ፊሊፓ ቤቫንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጇቸው የመንደር ጥናቶች ወጡ። የእያንዳንዱ መንደር ታሪክ፣ እምነት፣ የሥራ ወራት፣ ዕድርና ደቦ በቃል ተተርኮ ከቁጥሩ ጎን ቆመ። አጥኚዎችም በ2010 እ.ኤ.አ. ዳግም የትመን ሄደው ምን እንደ ተለወጠ ጽፈዋል። ቁጥሩን ያየ ሰው ተረኩን፣ ተረኩን ያነበበ ሰው ቁጥሩን መጠየቅ ይችላል።

ነገር ግን ይህም ቢሆን ቀዳዳ አያጣም። መጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በእንግሊዝኛ፣ የሚጠየቀው በአማርኛ፣ የሚቀመጠው ደግሞ ተመልሶ በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ምልልስ ውስጥ «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ተመራማሪው የሚፈልገው በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ከአንድ ድስት የሚበሉትን ሰዎች ነው። የጎጃም ገበሬ «ቤተሰብህ ስንት ነው?» ሲባል አዲስ አበባ ለሥራ የሄደውን ልጁን ይቆጥራል፤ ለዓመት የተቀጠረውን እረኛ ግን ላይቆጥረው ይችላል። ጠያቂው ትርጓሜውን ካላስረዳ፣ አስረድቶም ካልመዘገበ፣ አንዱ መንደር ሰፊ ቤተሰብ ያለው ሌላው ጠባብ ቤተሰብ ያለው መስሎ ይቀራል። ልዩነቱ ግን የጠያቂዎቹ ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ቢሮክራሲ» የሚል ዓምድ

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ምሥራቅ ጎጃም በብርቱ ከተነኩት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በሽግሽጉ ገበሬው በምድብ ተከፈለ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞ ባለርስት ጌቶች የተባሉት ደግሞ «ቀሪ ፊውዳል» ተባሉ። እነዚህ ከ1 ሄክታር፣ ማለትም ከ4 ጥማድ፣ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ ለሌላው ገበሬ ጣሪያው 3 ሄክታር ነበር። ብዙ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። የኖርዌዩ ተመራማሪ ስቬን ኢገ ነገሩን በዚያው ዓመት ጽፎታል።

አንባቢ ሆይ፣ «ቢሮክራሲ» አመልካች ነው። አንድን ሰው በአንድ ምድብ የሚያስገባ፣ በምድቡም ልክ መሬት የሚሰጥና የሚነሣ አመልካች ነው። ትርጓሜውስ ምን ነበር? የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር መሆን ብቻ ነው? ወይስ አንድ ወቅት በፍርድ ሸንጎ መቀመጥም ይጨምራል? ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ትርጓሜው ሲሰፋና ሲጠብ፣ ከሁለት ተመሳሳይ ጎረቤቶች አንዱ አራት ጥማድ፣ ሌላው አሥራ ሁለት ጥማድ ሊይዝ ይችል ነበር።

አሁን ወደ መረጃ ቋቱ እንመለስ። ከ1989 ዓ.ም. በፊት 8 ጥማድ የነበረው ቤተሰብ ከዚያ በኋላ በተደረገ ጥናት 4 ጥማድ ሆኖ ቢገኝ፣ ሩቅ አገር ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠ ተመራማሪ ምን ሊመስለው ይችላል? ገበሬው ለልጁ አካፈለ? ድርቅ መታውና ለሌላ አከራየ? ወይስ ጠያቂው ተሳሳተ? ከቁጥሩ ጎን «በዚህ ዓመት ሽግሽግ ነበር» የሚል አንድ መስመር ካልተጻፈ፣ የአንድ መንደር ቁስል የስሌት ጉድለት መስሎ ሊታረም ይችላል። መረጃውን «ማጽዳት» ይሉታል።

ቆጠራና የጠፋው ማብራሪያ

ይህ ሁሉ በአንድ መንደር ሲሆን ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። አገር ስትቆጠር ግን መዘዙ ከበድ ይላል።

ኢትዮጵያ በታሪኳ የተሟላ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር፤ ውጤቱ 42.6 ሚሊዮን ሆኖ ቀደም ሲል ይነገር ከነበረው ግምት በብዙ ሚሊዮን በለጠ። ሆኖም በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች ነበሩ፤ በቀጥታ የተቆጠረው ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ ሲሆን የቀረው በግምት የተሞላ ነው። ዛሬ ያንን ቁጥር የሚጠቅስ ብዙ ነው፤ ግምቱን አብሮ የሚጠቅስ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ቆጠራ በ1987 ዓ.ም. 53.5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. 73.8 ሚሊዮን አካባቢ አስመዘገቡ።

ክርክሩን ያስነሣው ሦስተኛው ነው። የአማራ ክልል ሕዝብ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከ13.8 ሚሊዮን ወደ 17.2 ሚሊዮን አደገ ተባለ፤ በዓመት 1.7 ከመቶ መሆኑ ነው። የአገሪቱ ዕድገት ግን 2.6 ከመቶ ነበር። ራሴ አስልቼ እንዳየሁት ክልሉ በአገሪቱ አማካይ ልክ አድጎ ቢሆን ኖሮ 19 ሚሊዮን ገደማ ይደርስ ነበር። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎድሎ መገኘቱ የምክር ቤቱን አባላት ሳይቀር አስጠየቀ።

ጉድለቱ ከምን ሊመጣ ይችላል? ወሊድ ከታሰበው ፈጥኖ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ሰው ወደ ሌላ ክልል ፈልሶ ሊሆን ይችላል። ትንበያው ከመነሻው የተጋነነ ሊሆን ይችላል። ሳይቆጠር የቀረ ሰውም ሊኖር ይችላል። እነዚህ አራት ምክንያቶች እያንዳንዳቸው በማስረጃ ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው፤ ትንበያው በምን ስሌት ተሠራ፣ የትኛው ቀበሌ መቼ ተቆጠረ፣ ስንት ቤት ተዘግቶ ተገኘ፣ ስንት ሰው ከየት ወዴት ሄደ። ይህ ማስረጃ ለተራው ዜጋ በሚገባው ቋንቋ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በመረጃ ይካሄድ ነበር። ስላልሆነ እያንዳንዱ ወገን ከቁጥሩ ውስጥ የሚፈልገውን አነበበ። አንዱ «ሕዝባችን ጠፋ» አለ፤ ሌላው «ቁጥሩ ቁጥር ነው» አለ። የክልል ድጎማና የምክር ቤት መቀመጫ በሕዝብ ብዛት በሚሰላበት አገር ይህ ተራ አለመግባባት አይደለም። ማብራሪያ የሌለው ቁጥር ጥርጣሬን ይወልዳል፤ ጥርጣሬም ከቁጥሩ የረዘመ ዕድሜ አለው።

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። በ2010 ዓ.ም. የታሰበው አራተኛ ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም. ዳግም ተራዘመ። መሥሪያ ቤቱም በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚል አዲስ ስም ያዘ። በመካከሉ በአገሪቱ ሰሜን ጦርነት ሆነ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም የአማራ ክልል ራሱ በግጭት ታመሰ። ወደፊት ቆጠራ ሲደረግ ከ1976ቱ የምንማረው ይኖረናል። ቆጣሪ ያልደረሰበት ቀበሌ በግምት የተሞላ እንደ ሆነ፣ ይኸው በሠንጠረዡ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ በአማርኛም በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎችም ይጻፍ። መጠይቁ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይታተም። ገበሬው በጥማድ ከመለሰ ጥማዱ ሳይፋቅ ይቀመጥ። ምድብ ሲወጣ የምድቡ ትርጓሜ ከምድቡ በፊት ለሕዝብ ይነበብ። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚጠይቀው ነገ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲመረምረን መፍቀድን ነው። ምናልባትም የከበደን ይኸው ይሆናል።

ያንን መጠይቅ ከሞላሁ ብዙ ዓመት አለፈ። ጥናቱ የት እንደ ተቀመጠ አላውቅም፤ 1.5 ሄክታር የምትል ቁጥር በአንድ ቋት ውስጥ ተኝታ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሳጥኗ ጎን ባለው ባዶ ኅዳግ ላይ አንድ መስመር ለመጻፍ በቂ ቦታ ነበር። ባልጽፈው ጊዜ እነሆ ዛሬ በዚህ ጻፍሁት፤ መላሹ አንድ ጥንድ በሬ አላቸው፤ ከስድስቱ ጥማድ አራቱ ዋልካ፣ ሁለቱ ተዳፋት ናቸው፤ አንዱ በሬ ያረጀ ስለ ሆነ በእርሳቸው በሬ ስድስት የሆነው በጎረቤታቸው በሬ አምስት አይሞላም።

ቸር እንሰንብት።